ሁለተኛዋን ደወል የሰቀሉት የጋሽ ደቂቃ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ደቂቃ ከአናጢው አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ በጡብ ፋብሪካው አጥር ሥር በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ሲናገሩ እንደኖሩት፣ አዋላጇ ከነገረቻቸው ቀን አሥራ ሁለት ቀን ዘግይተው ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ አርፍደው አያውቁም። ይህን የምጽፈው ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ስሆን፣ ቤተሰቡ የመረጠኝ «አንቺ ወሬ አይቸግርሽም» ብሎ ነው። የመታወቂያ ስማቸው በእጃችሁ ባለው ፕሮግራም ሽፋን ላይ ታትሟል። እዚህ ብደግመው ግን ግማሻችሁ «የማን ቀብር ነው የመጣሁት?» ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው መጠየቃችሁ አይቀርም።

በልጅነታቸው ሰዓት የተማሩት ከፋብሪካው ጡሩምባ ነው። ከጨዋታ መሃል ድንገት ቆም ብለው «አሁን» ይላሉ፤ ጡሩምባው ይነፋል። ጓደኞቻቸው ከፋብሪካው ጋር የተዋዋሉ ይመስላቸው ነበር። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ለምን እንዳቋረጡ ሲጠየቁ «ደወሉ ቀደመኝ» ብለው ያልፉ ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። ቀልድ አለመሆኑ የገባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከአባታቸው ጋር እንጨት ሲልጉና ሲጠርቡ ከቆዩ በኋላ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው በሰፈራችን ትምህርት ቤት በጥበቃነት ተቀጠሩ። ደወል መደወል በሥራ ዝርዝራቸው ላይ የመጨረሻው መስመር ነበር፤ እሳቸው ግን ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ነው ያነበቡት። ደወሉ ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ታክሲ ተራው ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላው በእሳቸው ነበር። የአንድ ሰው ሰዓት ከጋሽ ደቂቃ ደወል ከተለየ የተሳሳተው የሰውዬው ሰዓት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ተነስቶ አያውቅም። በየጠዋቱ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰዓታቸውን ያመሳክራሉ። አንዳንድ ቀን ሬዲዮውን ሲቆጡት እሰማ ነበር።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው በር ከተዘጋ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ እኮ ነው ያረፈድነው» ቢሏቸው «ደቂቃም ሰው ናት» ብለው መለሱ። በዚያው ጋሽ ደቂቃ ሆነው ቀሩ። ከተማሪዎቹ አንዷ ማን እንደነበረች መናገር አያስፈልግም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዳቦ ጋጋሪዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሙሽራዋ ለሠርጋቸው አርባ ደቂቃ አርፍደው መጡ፤ ምድጃ ውስጥ የተዉት ዳቦ ነበር። ሙሽራው ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቢያሳዩአቸው «ሊጥ በደወል ኩፍ አይልም» አሏቸው። ትዳሩ የተመሠረተው በዚህች ንግግር ላይ ነው። ለሠላሳ ስምንት ዓመት በግድግዳው በኩል ስሰማው የኖርኩት ጸብም ይኸው አንዱ ነው፤ ባል «ዛሬም አረፈድሽ» ይላሉ፣ ሚስት «ሊጡን ጠይቀው» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ሻያቸውን ይጠጣሉ። ከዚህ ትዳር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። የመጀመሪያው ልጃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ ተሳፋሪ ሳይሞላ በሰዓቱ በመነሳት የታወቀ ነው። ደም ውኃ አይሆንም።

ሁለተኛዋን ልጃቸውን በተመለከተ ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የጋሽ ደቂቃ የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው በእሷ ውስጥ ስላለፈ ነው።

ልጅቷ የሰማችውን አትረሳም። እኔ በግድግዳ በኩል ያወራሁትን በሦስተኛው ቀን ቃል በቃል መልሳ ነግራኝ አፌን አስይዛኛለች። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሌሎች ገጽ በሚጨርሱበት ጊዜ እሷ አንድ መስመር ላይ ናት። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ እየተመለሰች፣ እየደገመች። በየዓመቱ የሚመጣው ካርድ ላይ «ሰነፍ ናት፣ ትኩረት ይጎድላታል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አባት አነበቡት፣ አጠፉት፣ ከሳጥን ሥር አስቀመጡት። እናት ደግሞ «ይህቺ ልጅ ሰነፍ ከሆነች እኔ ቀጭን ነኝ» አሉ። ባለቤታቸውን ለማታውቋቸው፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣች አንዲት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ልጅቷን ሁለት ቀን ሙሉ መረመረቻት። ሰነፍ አይደለችም አለች፤ ዓይኗም ጆሮዋም ጤነኛ ነው፣ ልጅቷ የምታነበው በሌላ መንገድ ነው፣ ጊዜ ከተሰጣት ትደርሳለች አለች። ይህንኑ በወረቀት ጻፈች። በየፈተናው ሠላሳ ደቂቃ ይጨመርላት፤ ጥያቄው በትልልቅ ፊደልና ሰፋ ባለ መስመር ይዘጋጅላት፤ ጸጥ ባለ ክፍል ትፈተን፤ ሳትዘጋጅ በሰው ፊት አንብቢ አትባል። ጋሽ ደቂቃ ባለሙያዋ ስትናገር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ያን ቀን ማታ ለባለቤታቸው «ያቺ ሴት የነገረችን ስለ ልጅቷ ብቻ አይደለም፤ እኔንም ደወሉ የቀደመኝ ለዚህ ነው» አሏቸው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ይቅርታ።

ወረቀቱን ርእሰ መምህሩ በክብር ተቀበሉ። «ደርሶናል» ብለው ጻፉበት፣ ማኅተም አደረጉበት፣ ከመሳቢያ ከተቱት። ወረቀቱ ከዚያ መሳቢያ ሁለት ዓመት አልወጣም። ፈተና በመጣ ቁጥር ጋሽ ደቂቃ ቢሮ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ።

«ጌታዬ፣ ያቺ ወረቀት አለች አይደል?»

«አለች፣ አለች፤ ፋይል ውስጥ ናት። አይዞህ።»

ጋሽ ደቂቃም አይዞህ ተብለው ይመለሳሉ። መንግሥት ያተመበት ወረቀት ይሠራል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ነገሩ የተገለጠላቸው ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ በሒሳብ ፈተና ቀን ነው። ሰዓቱ ደረሰ፤ ቸርኬውን ሦስት ጊዜ መቱ። ዞር ሲሉ በመስኮት በኩል ልጃቸውን አዩ። የሒሳብ መምህሩ መልስ ወረቀቷን ይጎትታሉ፤ ብዕሯ ገና ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም፤ ቀለሙ ከመልሱ ተነስቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተሰመረ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደወል ተደውሏል፤ ደወል ከተደወለ ወረቀት ይሰበሰባል። ማታ ልጅቷ ራት ላይ ቀና ብላ «አባዬ፣ ዛሬ ትንሽ ብታቆየው ምን ነበር?» አለቻቸው። ጋሽ ደቂቃ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። ለሁለት ዓመት ያችን ሠላሳ ደቂቃ ከልጃቸው እጅ ሲቀሙ የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ በብረት እየመቱ፣ ለዚያውም በሰዓቱ።

በሚቀጥለው ፈተና ቀን ጋሽ ደቂቃ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሠሩትን ጥፋት ሠሩ። አልደወሉም። ሰዓቱ አለፈ፤ ዛፉ ሥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰዓቱን የሚያውቀው በእሳቸው ስለሆነ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም አልጠረጠረም። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች በር ላይ ተከማቹ። ዳቦ ቤቱ ሁለተኛውን ዙር ዳቦ የሚያወጣው በዚያ ደወል ነበርና የባለቤታቸው ዳቦ አረረ። ታክሲ ተራው ላይ ሹፌሮች ሰዓታቸውን እየነቀነቁ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉ ነበር። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ወጥተው «ምን ሆነሃል? አመመህ እንዴ?» አሉ። ጋሽ ደቂቃ ሰዓታቸውን አዩና፣ ሠላሳኛዋ ደቂቃ ስትሞላ ደወሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ ብትሉ፣ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች ቀድመው ጨርሰው፣ ተጨማሪውን ሠላሳ ደቂቃ ሲንጫጩበት፣ ወንበር ሲጎትቱበት፣ ሲሳሳቁበት ነበር። በዚያ ጫጫታ መሃል ልጅቷ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻለችም። ጋሽ ደቂቃ በሥራ ዘመናቸው ያገኙት ብቸኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር የሚይዙት። «ጥፋቴ ጊዜውን ለሁሉም መስጠቴ ነው» ይሉ ነበር። «ጊዜ ለሚያስፈልገው ሰው ነው የሚሰጠው።»

ከዚያ በኋላ በቀጥተኛው መንገድ ሄዱ። ቢሮ ገብተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈቀድላቸው ተቀመጡ።

ርእሰ መምህሩም «አንተ የልጅህን ብቻ ነው የምታየው» አሉ። «ለሁሉም እንዲህ ካደረግን መጨረሻው የት ነው?»

«ሁሉም ስንት ናቸው ጌታዬ?»

ርእሰ መምህሩ ሊቆጥሩ ጎንበስ አሉ። መሳቢያው ተከፈተ። አሥራ አንድ ወረቀት ወጣ። ከአንዳንዱ ጋር የተያያዘው ፎቶ ደብዝዟል። አሥራ አንዱም ላይ «ደርሶናል» ተጽፏል። አሥራ አንዱም ማኅተም አላቸው።

በር ጠባቂ ማን የማን ወላጅ እንደሆነ ያውቃል። ጋሽ ደቂቃ በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ልጅ ሊወስድ የመጣውን እየለዩ በር ላይ አናገሩ። እያንዳንዳችን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ያለን እኛ ብቻ ይመስለን ነበር። «እኛ» ማለቴ በስሕተት አይደለም፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ የእኔ ልጅ ነው። ለዓመታት ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሆነን፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር፣ በየበኩላችን ስናፍር ኖረናል።

የአሥራ አንዱ ልጆች ወላጆች ከመምህራኑ ጋር የተሰበሰብነው በስድስተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ተቀመጥን። የሒሳብ መምህሩ ተነስተው የብዙ ሰው ጥያቄ የሆነውን ጠየቁ። «ለአንዱ ሠላሳ ደቂቃ ጨምረን ለሌላው ብንከለክል ግፍ አይሆንም ወይ? ፈተና ለሁሉም እኩል ነው።»

የመለሱት የጋሽ ደቂቃ ባለቤት ናቸው፤ ከነሽርጣቸው፣ አርፍደው ገብተው፣ ገና ሳይቀመጡ። «መምህር፣ እኔ በአንድ ምድጃ ውስጥ ትልቅም ትንሽም ዳቦ እጋግራለሁ። ትልቁን ከትንሹ ጋር እኩል ካወጣሁት ሊጥ ነው። ሊጥ አድርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዳቦው ሰነፍ ነው ብዬ ለደንበኛ አልነግርም።»

መምህሩ ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ ግን ክፍል የለንም፣ ጠባቂ መምህር የለንም፣ ሰዓቱን ማን ይቆጣጠራል አሉ። ጋሽ ደቂቃ ያን ጊዜ ነው የተነሱት። የተናገሩት አጭር ነው። «ክፍሉ ከዘበኛ ቤቴ አጠገብ ያለው መጋዘን ነው። ጠባቂ እናንተ በተራ ትሆናላችሁ። ሰዓቱ የእኔ ነው።»

ከመጋዘኑ የተሰበሩ ወንበሮች አውጥተው፣ ጠርገው፣ ኖራ ቀብተው በሁለት ቅዳሜ አሰናዱት። መስኮቱን በአባታቸው መጋዝ አስፍተው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ደግሞ ክንድ የምታህል የውኃ ቧንቧ ቁራጭ በሽቦ ሰቀሉ። ቸርኬው ለሁሉም ተማሪ ይደወላል፤ ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ቧንቧዋ ትደወላለች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ከአጥር አይወጣም። አሥራ አንዱ ልጆች ግን ሰምተው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ሁለተኛዋ ደወል የምትባለው ይህቺ ናት።

ነገሩ በአንድ ቀን ተቃና ማለት ውሸት ይሆናል። አንዳንዱ መምህር ጥያቄውን በትልቅ ፊደል ማዘጋጀት ይረሳ ነበር፤ ጋሽ ደቂቃ ፈተናው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው በየመምህራን ክፍሉ እየዞሩ «የእኔዎቹ ወረቀት ተባዛ?» ይላሉ። በመጀመሪያው ፈተና ላይ የሒሳብ መምህሩ ሃያኛዋ ደቂቃ ላይ ወረቀት ሊሰበስቡ ወደ መጋዘኑ መጡ፤ ቤታቸው ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ነው። ጋሽ ደቂቃ በሩ ላይ ቆመው «መምህር፣ አልደወልኩም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። መምህሩን አውቶቡሱ አመለጣቸው፤ አሥር ደቂቃውን ቆመው በመስኮት ወደ ውስጥ ሲያዩ ቆዩ። የጋሽ ደቂቃ ልጅ መልስ ወረቀቷን ሙሉውን ሞልታ ስታስረክብ ያዩዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ፈተና ጠባቂ ለመሆን ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው። የማጠናቀቂያ ፈተናው የሚሰጠው በሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ጋሽ ደቂቃ በዋዜማው ወረቀቷን ይዘው፣ ቧንቧዋን በጋዜጣ ጠቅልለው በብብታቸው አድርገው ሄዱ። የፈተና ጣቢያው ኃላፊ «ይህ ወረቀት ለእናንተ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህ አይሠራም» አሉ። ጋሽ ደቂቃ እዚያ ደዋይ አይደሉም፤ ደወሉም ዛፉም የሰው ነው። የልጅቷ የዓመታት ልፋት በዚያች ሠላሳ ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ያን ጊዜ የኛው ርእሰ መምህር ከኋላ መጡ። ጋሽ ደቂቃ አልጠሯቸውም፤ በራሳቸው ነው የመጡት። ወረቀቱን ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንስተው ማኅተሙን በጣታቸው እያሳዩ እንዲህ አሉ። «ይህ ማኅተም የእኔ ነው። ‹ደርሶናል› ብዬ ስጽፍ አልደረሰንም ነበር፤ ሁለት ዓመት ዋሽቻለሁ። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ አይዋሹ። እዚህ ይጻፉልኝና ልሂድ።» ኃላፊው ማኅተሙን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ነገር አዩና ምን እንደሆነች ጠየቁ። ሲነገራቸው ሳቁ፣ ከሳቁም በኋላ ፈቀዱ።

ልጅቷ ከሠላሳ ደቂቃው አሥራ ዘጠኙን ተጠቅማ ጨረሰች። ቁጥሩን የምታውቁት ሁላችሁም ናችሁ፤ ጋሽ ደቂቃ ያልነገሩት ሰው የለም። ውጤቷ ሲመጣ አለፈች። ዛሬ በጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ውጤት ከመስጠቷ በፊት ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ ኃላፊዋ እንደነገሩኝ ስሕተት ወጥቶባት አያውቅም።

ጋሽ ደቂቃ በስልሳ ዓመታቸው በክብር ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አሁንስ አርፈው ይቀመጣሉ ብለው ነበር። እሳቸው ግን ቧንቧ ከቧንቧ ሠራተኛ እያስቆረጡ በከተማው ትምህርት ቤቶች መዞር ጀመሩ። ርእሰ መምህር ቢሮ ይገባሉ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ «መሳቢያዎ ውስጥ ስንት ‹ደርሶናል› አለ?» ይላሉ። አንዳንዱ አስወጥቷቸዋል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው መጥተዋል። በዚህ ዓይነት በሌሎች አራት ትምህርት ቤቶች ቧንቧ ተሰቅሏል። አምስተኛው ቃል ገብቶላቸው ነበር። ርእሰ መምህሯ እዚህ ካሉ ቀብሩ ሲያበቃ ቧንቧዋ ዝግጁ ናት፤ ቤቴ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሐኪሙ ወረቀት «አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ» ይላል። ገደማ የሚባል ነገር ስለማይወዱ አስተካክዬዋለሁ። ባለቤታቸው ሌሊቱን ሲጋግሩ አድረው ሆስፒታል የደረሱት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ነርሷ እንደነገረችን ከሌሊቱ ጀምሮ አልቆላቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ከበሩ ግን አላነሱም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ «አረፈድሽ» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ በመጨረሻዋ ቀን ምንም ሳይናገሩ ጠበቋቸው።

ጋሽ ደቂቃ ባለቤታቸውን፣ ወንድና ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በአምስት ትምህርት ቤቶች ወረቀታቸው ከእጃቸው የማይነጠቅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

ይህን ጽሑፍ እስካሁን ያነበበችላችሁ ልጃቸው ናት። ሌላ ሰው ያንብበው ቢባል እምቢ አለች። እኔም በትልልቅ ፊደልና ሰፋ ባለ መስመር ጻፍኩላት፤ እሷም ሳትዘጋጅ አልቆመችም፣ ሁለት ቀን ተለማምዳበታለች። በፕሮግራሙ ላይ ለሕይወት ታሪክ የተያዘው አሥር ደቂቃ ነው፤ እስካሁን አልፏል። ሰዓቱን የሚያይ ሰው ካለ ይታገሥ። አልተደወለም።

ፈጣሪ የጋሽ ደቂቃን ነፍስ፣ እሳቸው ልጆቹን በመጋዘኑ በር ላይ ቆመው እንደጠበቋቸው፣ ሳያስቸኩል በሰላም ይቀበልልን።